ሲሮጥ የታጠቀው ማን ነው?

ነገሩን ያመጣችው ታሪክ ያጠናችው ጓደኛችን ናት። ዕድሜዋ 31 ነው። ቢሮ ተቀምጣ የሌላ ሰው ሪፖርት ስታርም ትውላለች። ደመወዟ አያስከፋም፤ አለቃዋም ክፉ ሰው አይደለም። ሰብሰብ ብለን ስንጫወት «ማታ ማታ ኬሚስትሪ ጀምሬያለሁ፤ ሕክምና ልገባ ነው» ብላ ጣል አደረገችው። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልተወራም።

ቀድሞ የተነሳባት መሐንዲሱ ነው። በዕድሜ ጠና ያለ ስለሆነ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ጉሮሮውን ጠረገና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ። አለና ወንበሩን ተደገፈ። በእሱ ቤት ጉዳዩ እዚያው ተዘግቷል።

«ማን ሮጠ ጋሼ?» አለችው።

«አንቺ ነሻ! በዚህ ዕድሜ ከሀ ሁ ልትጀምሪ። ሕክምና እኮ ሳይንስ ነው። የሳይንስ ጭንቅላት ደግሞ ከልጅነት ነው የሚሠራው።»

የሳይንስ ጭንቅላት ምን እንደሆነ ጠየቅነው። መጀመሪያ ሒሳብ ነው አለ። ቀጥሎ ፊዚክስ ነው አለ። ሲጨንቀው «ያው ይታወቃል» አለ። እኔ የማውቀው ከተመረቀ ወዲህ ኢንቴግራል የሚባለውን ከባድ ሒሳብ በዓይኑ አለማየቱን ነው። ቀኑን ሙሉ የክፍያ ሰነድ ላይ ሲፈርም ይውላል። ያም ሆኖ የሳይንስ ሰው እሱ ነው፤ እሷ አይደለችም።

ከመካከላችን ሆስፒታልን ከውስጥ የምታውቀው ነርሷ ብቻ ናት። «ዋርድ ውስጥ ኢንቴግራል ሲሠራ ያየሁት ሐኪም የለም» አለች። «የማየው የሕፃኑን ኪሎ በመድኃኒቱ ሚሊግራም ሲያባዙ ነው። ያውም በካልኩሌተር። ከበድ ያለ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ሳያመሳክረው አይሰጥም።» መሐንዲሱ እንዳልሰማ ሆኖ አለፋት።

መንገዱ ቀላል ነው ያለ ሰው የለም። እንደየአገሩም ይለያያል። ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ሕክምና በሚገባበት አገር የታሪክ ዲግሪ ብዙም አያግዝም። እሷ የምታስበው የአሜሪካውን ነው። እዚያ ሕክምና የሚገባው በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ዲግሪው የታሪክ ይሁን የሙዚቃ ግድ የላቸውም። የሚፈልጉት ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነቤተ ሙከራቸው ተወስደው ማየት ነው። ብዙዎቹ ባዮኬሚስትሪም ይጨምራሉ። እነዚህን ሳይወስድ ለተመረቀ ሰው የተዘጋጀ የአንድና የሁለት ዓመት ፕሮግራም አለ፤ ፖስት ባክ ይሉታል። ከዚያ ኤምካት አለ። ሰውን ከጠዋት ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ የሚያቆይ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነው። ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ንጹሕ ንባብ ነው። ከፍልስፍና ወይም ከታሪክ የተወሰደ ጽሑፍ ይሰጡህና ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ ያፋጥጡሃል። ሌላው ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጨመረው የሥነ ልቦናና የማኅበረሰብ ክፍል ነው። ከአራቱ ሁለቱ እንግዲህ የእሷ ሰፈር ናቸው። በብሪታንያም ለዲግሪ ምሩቃን የአራት ዓመት የሕክምና ትምህርት አለ። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የትኛውንም ዲግሪ ይቀበላሉ።

መሐንዲሱ ይሄ ሁሉ ሲነገረው ወደ ሒሳቡ ገባ። ሒሳብ የሳይንስ ጭንቅላት ነው ብሎ የለ!

«ደምሪው» አላት። «ለዝግጅት 2 ዓመት። ለማመልከቻ 1። ትምህርቱ 4። ስፔሻላይዜሽኑ ሲያንስ ሲያንስ 3። 41 ሆንሽ! ዕዳውስ?»

ዕዳው እውነት ነው፤ አልክድም። አሜሪካ ውስጥ ተበድሮ የሚመረቅ ሐኪም በአብዛኛው ወደ 200,000 ዶላር ገደማ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። መሐንዲሱ እዚህች ላይ ቢቆም ኖሮ እንሰማው ነበር። እሱ ግን ዕዳውን ጥሎ ወደ ተረቱ ተመለሰ። «ሲሮጡ የታጠቁት...» ሲል ነርሷ ጨረሰችለት።

ልጅቷ አልተቆጣችም። «እስከ 65 ብሠራ 24 ዓመት ይቀረኛል ጋሼ። አንተ ከሠራኸው ይበልጣል» አለችው። መልስ አልነበረውም። ስለዚህ ስለ ትዳርና ስለ ልጅ ጠየቃት። ወንድ ብትሆን ይሄ ጥያቄ አይነሳም ነበር። እንለፈው።

ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። ገጹ በቀስት ተሞልቷል፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን የጎበጠ ቀስት። ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ፣ እንደገና የተሳለ፣ እንደገና የተሰረዘ። «ይሄ ኤሌክትሮኑ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው» አለች። «ማን ሰጠ? ማን ተቀበለ? በመሃል ማን ተገፍቶ ወጣ? መጀመሪያ በቃል ልይዘው ሞከርኩና ፈተናውን ወደቅኩ። በኋላ ታሪክ እንደማነብ ሳነበው ገባኝ።» መሐንዲሱ ደብተሩን ተቀብሎ አገላበጠ። መነጽሩን አወለቀ። መልሶ ሰጣት። «ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው» አለ።

እኔም ሲሲሊ ሳንደርስን አነሳሁባቸው። እንግሊዛዊት ናት። ኦክስፎርድ የገባችው ፖለቲካ፣ ፍልስፍናና ኢኮኖሚክስ ልታጠና ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነርስ ሆነች። ወገቧን ሲያማት ነርስነቱን ትታ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች። የሚሞቱ ሰዎች ሥቃይ አላስተኛ ሲላት፣ አንድ ቀዶ ሐኪም ሕክምና ብትማሪ ይሻልሻል፤ ካለዚያ የሚሰማሽ የለም አላት። በ1951 እ.ኤ.አ. በ33 ዓመቷ ገባች። በ1957 ጨረሰች። በ1967 ለንደን ላይ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን፣ ማለትም የማይድኑ ሕሙማን ሥቃያቸው የሚታገስበትን ቤት ከፈተች። ዛሬ ዓለም ላይ የማይድን ሕመም ያለበት ሰው ሥቃዩ ተለክቶ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ የሚሰጠው ቢኖር ከእጇ ሥራ ያገኘው አለበት። አልበርት ሽዋይትዘርንም ጨመርኩ። የሥነ መለኮት ዶክተርና የታወቀ የኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ሳለ ሕክምና የጀመረው በ30 ዓመቱ ነው።

«እነሱማ ሊቅ ናቸው» አለ መሐንዲሱ። «ለተራው ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። ሲሮጥ የታጠቀውስ ማን ሆነና ነው? በ17 ዓመቱ፣ ቅጹ ነገ ይመለስ ተብሎ፣ ጓደኛው የሞላውን አይቶ የሞላ ልጅ ነው ሲሮጥ የታጠቀው። ጋሼ ራሱ ምህንድስና የገባው አጎቱ ስላለው መሆኑን ስንት ጊዜ አጫውቶናል! እሷ ግን ሠርታ አይታለች። አባቷን ሆስፒታል ስታስታምም ከርማለች። አስባ፣ አውጥታ አውርዳ፣ ወድቃ እንደገና ተቀምጣለች። ቆማ ነው የታጠቀችው። ተረቱ ከተጠቀሰ ለእሱ ነው የሚሆነው።

«ነገር አታጣምም» አለኝ።

ሌላም ነገር አለ። ኒውዮርክ ያለው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥነ ጽሑፍና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪም ፊዚክስም ኤምካትም ሳይጠይቅ ተቀብሏል። በ2010 የወጣው ጥናት ውጤታቸውን ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ በጥቅሉ እኩል ሆኖ አገኘው። በመጀመሪያው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ላይ በመጠኑ ዝቅ የማለት ዝንባሌ ታይቶባቸዋል። ይቺን ለመሐንዲሱ አልነገርኩትም፤ ተረት ይበቃዋል። ወደ አእምሮ ሕክምናና ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚያዘነብሉት ይበዛሉ። ሰው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ወደሚጠይቀው ማለት ነው።

ማዳመጥ ካልን ደግሞ ሆዴ ያለውን ልናገር። በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ሐኪሞች ታካሚው የመጣበትን መናገር ከጀመረ በኋላ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ ያቋርጡት ነበር። ያኔ ገና ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር አልነበረም። አሁን ሐኪሙ እየጻፈ ነው የሚጠይቅህ። ዘመድ ይዤ በገባሁበት አንድ ክፍል የሐኪሙን ዓይን ሳላይ ወጥቻለሁ። የሳይንስ ጭንቅላቱ ሙሉ እንደነበር አልጠራጠርም። ከልጅነቱ ነዋ የተሠራው።

እኛ ልጅን ለሁለት ከፍለን ነው የምናሳድገው። ቁጥር የቻለው ጎበዝ ነው። ማንበብ የወደደው «ያው ሶሻል ገባ» ይባላል፤ አነጋገሩ ሐዘን የደረሰበትን ቤት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይንስ አያስነካውም። አድጎ ልንካው ሲል ለምን ከልጅነትህ አልጀመርክም እንለዋለን። ዘመኑም አጭር ነገር ወዳድ ሆኗል። በስድስት ሳምንት ኮዲንግ ተምሬ ሥራ ቀየርኩ ላለ ሰው ይጨበጨብለታል፤ ሰርተፍኬቱን ይለጥፋል፣ እንኳን ደስ ያለህ ይዘንብለታል። አሥር ዓመት ልማር ያለችውን ጤና ነሽ ወይ እንላታለን። ታዲያ ሲሮጡ መታጠቅ የትኛው ነው?

መሐንዲሱ 15 ዓመት የሆነው ልጅ አለው። ሲስል ነው የሚውለው፤ እጁም ጎበዝ ነው። ያን ቀን ይዞት መጥቶ ነበር። ነርሷ ዞር ብላ «አንተስ ምን ልትማር ነው?» አለችው።

«ኢንጂነሪንግ ነው» አለ አባትየው። ልጁ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው።