የሀዋሳ ሐይቅ ዳር፦ ደረጃ እንሥራበት ወይስ ሜዳውን እንተወው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የኢትዮጵያንና የኬንያን ሕዝቦች ወዳጅነት የሚያሳይ የባህል መሰብሰቢያ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ቢሠራ፣ ምን ዓይነት ይሁን? የምትጀምረው ወጣት አርክቴክት ናት። የሚመልሱላት እዚሁ ሐይቁ ዳር ያደጉ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው።

አርክቴክቷ፦

"ለምን ሀዋሳ?" የሚል አይጠፋም። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በከተማችን ያልፋል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ከዚያ ሞያሌ። ከሞያሌ ማዶ ኬንያ ነው። ሐይቃችንም ብቻውን አይደለም። ዝዋይ፣ ሀዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ፣ ቱርካና፣ ባሪንጎ፣ ናኩሩ፣ ናይቫሻ፤ ሁሉም በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ይህ ዝምድና በዓይን መታየት አለበት።

እኔ የማስበው ወደ ውሃው የሚወርድ ግማሽ ክብ የድንጋይ ደረጃ ነው። ጀርባው ለከተማው፣ ፊቱ ለሐይቁ። ጥላው ከቀርከሃ ይሠራ። የሲዳማ ባህላዊ ቤት ከተሸመነ ቀርከሃ ነው የሚሠራው፤ ባለሙያው እዚሁ አለ። ከኬንያ በኩል ደግሞ የላሙ ደሴት እንጨት ቀራጮች አሉ። በር ላይ የሚሠሩት ጌጥ ታዋቂ ነው። የሁለቱ እጅ አንድ ጣሪያ ሥር ይገናኝ።

የሕልም እንጀራ እንዳይመስላችሁ። ስትራስቡርግ ያለችበት የአልዛስ ምድር ከ1871 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል አራት ጊዜ እጅ ቀይሯል። ስንት ደም ፈሶበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ሁለቱን አገሮች በሚለየው በራይን ወንዝ ግራና ቀኝ አንድ የጋራ መናፈሻ ተከፈተ። የእግረኛ ድልድዩ ወንዙ መሃል ላይ ሰፊ መቆሚያ አለው። ከሁለቱም አገር የመጣ ሰው እዚያ ይገናኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ለእኛስ ለምን ይቅርብን?

መምህሩ፦

ልጄ፣ ለከተማችን ማሰብሽ ደስ ይለኛል። ግን ከውሃው እንጀምር። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዝናብ ሲበዛም ሐይቁ ከፍ ይላል፤ በከተማው በኩል ግድብ የተሠራው ለዚህ ነው። አንቺ የጠራሻቸው ባሪንጎና ናይቫሻም ባለፉት ዓመታት ሞልተው የሰው ቤት አስጥመዋል። ውሃ ዳር ድንጋይ ስትደረድሪ ይህን አስቢ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ሁለቱን አገር የሚያገናኝ ጉባኤ ከድሮም አለን። ቦረና በኢትዮጵያም በኬንያም ይኖራል። በየስምንት ዓመቱ ለጉሚ ጋዮ ይሰበሰባል፤ ከኬንያ ያሉትም ድንበር ተሻግረው ይመጣሉ። የሚቀመጡት ዛፍ ሥር ነው። ሕግ የሚወጣው፣ በደል የሚሰማው እዚያ ነው። እዚህ ከተማችንም ጉዱማሌን ተመልከቺ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ። ሕዝቡ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሲሰባሰብ፣ የቄጣላው ጭፈራ ሲደምቅ፣ ሜዳውን የሞላው ሰው ነው። ሐውልት የጠየቀ የለም። ዛፍ እንትከል፣ ሜዳውን እናጽዳ፣ በቃ።

አርክቴክቷ፦

ጋሼ፣ ስለ ጉሚ ጋዮ ያሉት እውነት ነው። ያ ሜዳ ግን ጠባቂ አለው። አባ ገዳ አለ፣ ሥርዓት አለ፤ ማንም ተነስቶ አያጥረውም። ከተማ ውስጥ ያለ ባዶ መሬት እንዲህ ዓይነት ጠባቂ የለውም። ሐይቅ ዳር ያለ ቦታ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ዛሬ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ነገ በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ቆይቶ መግቢያው በገንዘብ ይሆናል። ደረጃ የተሠራበትን፣ ሕዝብ ተቀምጦ የለመደውን ቦታ መንጠቅ ግን ይከብዳል። ቅርጽ የምፈልገው ለጌጥ አይደለም። የሕዝብ መሬት የሕዝብ ሆኖ እንዲቆይ ነው።

ስለ ውሃውም ቢሆን፣ ደረጃን የመረጥኩት ሐይቁ ስለሚሞላ ነው። ውሃው ሲመጣ የታችኞቹ ረድፎች ይሰጥማሉ፤ ሰው አንድ ሁለት ረድፍ ወደ ላይ ይወጣል። ሲመለስ ይወርዳል። አዳራሽ ብናቆም ኖሮ ነበር የሚያስፈራው።

መምህሩ፦

ይህ መልስ ነው። ውሃ የሚችል ደረጃ ከሆነ አልቃወምም። የመሬቱ ካርታም በሕዝብ ስም ይውጣ፤ በዚህ አብሬሽ ነኝ። የቀረን ቦታው የት ይሁን የሚለው ነው።

እኔ አሞራ ገደል እላለሁ፣ ዓሣ ገበያው ዘንድ። ማለዳ ጀልባዎቹ ይገባሉ። ቆሮሶው፣ አምባዛው ይራገፋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ ለመልቀም በሰው መሃል ይቆማሉ። ሾርባና ጥብስ ለመብላት የማይመጣ የለም፤ ሹፌሩ፣ ተማሪው፣ እንግዳው። ኪሱሙም እንዲሁ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ዱንጋ የሚባል የዓሣ ወደብ አለ፤ ኬንያዊው ዓሣውን በኡጋሊ፣ በበቆሎ ገንፎ፣ የሚበላው እዚያ ነው። ከኬንያ የመጣ እንግዳ አሞራ ገደል ሲደርስ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። የስትራስቡርጉን ድልድይ አነሳሽ። የኔቶ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ተሻግረውበታል፣ ጥሩ ነው። ሰውን በየቀኑ የሚያመላልሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ድረስ የዘለቀው ትራም ነው። ሰው ለገበያ፣ ለሥራ ይሻገራል። ዓሣ አጥማጁን "ለክብረ በዓል ቦታ ልቀቅ" ብለን የምንሠራው ደረጃ ማንንም አያቀራርብም። የገበያው ሰው ሳይነሳ የሚሠራ ከሆነ ግን መጥቼ ድንጋይ አቀብላለሁ።

አርክቴክቷ፦

ጋሼ፣ እንዲያ ከሆነ የሥራው ቅደም ተከተል ይለወጣል። መጀመሪያ የዓሣ ማጽጃው ይሠራል። ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱ። ከሁለቱ የሚወጣው ፍሳሽ ደግሞ ጠብታም ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ወደ ኋላ፣ ከግድቡ ጀርባ መወሰድ አለበት። መውጫ የለውም ያሉት እርስዎ ነዎት። ደረጃው ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ጀልባ የሚገባበት በር መሃሉ ላይ ክፍት ሆኖ። የቀርከሃውን ጣሪያ ግን አልተውም።