የሰፈር አሰልጣኝ ደመወዝ ይከፈለው

በእኛ ሰፈር ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል ልጆቹ «ኮች» የሚሉት ሰው አምስት ኳስ በማዳበሪያ ቋጥሮ ወደ ሜዳ ይወርዳል። ፊሽካ ነፍቶ ከማሯሯጡ በፊት አንድ የማይዘለው ሥራ አለው፤ ልጆቹን ይቆጥራል። ባለፈው ሳምንት ዳር ቆሜ ሳይ 23 መሆን የነበረባቸው 22 ሆኑ። ማን እንደጎደለ አልጠየቀም፤ ያውቀዋል። ፊሽካውን ተለቅ ላለው ልጅ ሰጥቶ «እኔ እስክመለስ ዙሪያውን ይሩጡ» አለና ቁልቁል ወደ ፑል ቤቱ ሄደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የ14 ዓመት ልጅ አስከትሎ ተመለሰ። አልጮኸበትም፣ አልተቆጣውም። ልጁ ታኬታውን አጥልቆ ገባ።

ስፖርት ወጣቱን ከወንጀል ይጠብቃል ስንል የምንረሳው ይህችን ሩብ ሰዓት ነው። ኳስ ብቻውን ማንንም ከሌብነት አያድንም። ቀን ኳስ ሲያንቀረቅብ ሰው አፉን የሚከፍትለት፣ ማታ ግን ስልክ የሚነጥቅ ልጅ አውቃለሁ። የሰፈር ለሰፈር ግጥሚያ በድንጋይ ውርወራ ሲበተንም አይቻለሁ። ልጅን የሚይዘው «የት ቀረ?» ብሎ የሚፈልገው ሰው መኖሩ ነው። 10 ሰዓት ማለት ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እናቱ ገና ከሥራ ያልገባችበት፣ ፑል ቤቱም የውርርድ ቤቱም በራቸውን ከፍተው የተቀመጡበት ሰዓት ነው። ኮች የሚሠራው በዚያች ሰዓት ነው።

ይህ ሰው ቀን ቀን በር በመበየድ ይተዳደራል። ለአሰልጣኝነቱ የሚከፍለው የለም፤ ኳስ ሲቀደድ እንኳ የሚያሰፋው ከኪሱ ነው። አንድ ጊዜ ሥራ ጠፍቶበት ስድስት ወር ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። ሜዳው ባዶ አልሆነም፣ ልጆቹ መጫወታቸውን አልተዉም፤ የሚቆጥራቸው ግን አልነበረም። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ከቡድኑ ሁለት ልጆች ፖሊስ ጣቢያ ገብተዋል። እሱ ቢኖር አይገቡም ነበር ብዬ አልምልም። የአንደኛው እናት ግን እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምታምነው።

በየዓመቱ «ወጣቶችን ከአልባሌ ቦታና ከሱስ ለመጠበቅ» ተብሎ ውድድር ይዘጋጃል። ባነር ይሰቀላል፣ ማልያ ይታደላል፣ የክብር እንግዳ ዋንጫ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሁለት ሳምንት ሰፈሩ በእርግጥ ይደምቃል፤ እኔም ደስ እያለኝ አያለሁ። የቀሩትን 50 ሳምንታትስ ማን ይያዛቸው? የታችኛው ሜዳችን ሰው ሠራሽ ሣር ከተነጠፈለት ወዲህ በሰዓት ይከራያል፤ ድሮ በነጻ ይጫወቱበት የነበሩት ልጆች አሁን አጥሩን ይዘው ያያሉ።

ሕጋችን ወጣቱ ካጠፋ በኋላ ምን እንደሚደረግ አስቦበታል። በ1996 ዓ.ም. አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለ አጥፊ በቅድሚያ እስር ሳይሆን ልዩ እርምጃ ያዛል። ዕድሜው ከ15 ካለፈ ግን፣ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ የሚዳኘው አዋቂው በሚዳኝበት ድንጋጌ ነው።

እንግዲህ ይህችን 15 ዓመት ልብ በሉልኝ። በእኛ ሰፈር የታዳጊዎች እግር ኳስ ማሠልጠኛ ፕሮጀክት ልጆች የሚበተኑት በዚሁ ዕድሜ ነው። ጎበዙ ተመልምሎ ወደ ክለብ ታዳጊ ቡድን ይሄዳል። ቀሪው «አንተ አትሆንም» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ በ10 ሰዓት የሚጠብቀው የለም። ፕሮጀክቱ የቆመው ተጫዋች ለማፍራት ስለሆነ ልጁን ይዞ ለማቆየት ምክንያት የለውም። ሕጉ በጠነከረበት ዓመት ሜዳው ይዘጋበታል። የእኔ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው።

ናይሮቢ ውስጥ ማታሬ በምትባለው የድሆች መንደር እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘው። ሰፈሩ በቆሻሻ የተዋጠ ስለነበር፣ ወጥቶ ያጸዳ ቡድን በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ ይጨመርለት ጀመር። ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን አካፋ ይዞ ነጥብ ያገኛል ማለት ነው። ትልልቆቹ ታናናሾቻቸውን ያሰለጥናሉ፣ ያጫውታሉ፤ ለዚህም የሚያገኙት ነጥብ ለትምህርት ክፍያ ድጋፍ ያበቃቸዋል። ስለዚህ እግሩ ለኳስ ያልታደለ ልጅም ቦታ አለው፤ ዳኛ ይሆናል፣ አሰልጣኝ ይሆናል። ከዚያው የወጣው ማታሬ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያን ፕሪሚየር ሊግ አነሳ። ማኅበሩ ከተጀመረ 21 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኛ ዘንድ የጎደለው ሰው አይመስለኝም። እንደ ኮች ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ጥቂት ነው። ወረዳዎች ለነዚህ ሰዎች የግማሽ ቀንም ቢሆን ደመወዝ ይመድቡላቸው። ሥራቸውንም በዋንጫ አይለኩት፤ በመስከረም የተመዘገበው ልጅ በሰኔም ሜዳ ላይ መኖሩን ይዩ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢም ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ይከፈት። ሜዳው አለ፣ አጥሩ አለ፣ ዘበኛው አለ። «ንብረት ይጠፋል» የሚለውን ስጋት እረዳለሁ። ለዚያም ኃላፊነት የሚወስደው ፊርማው ያለበት፣ ደመወዝተኛ አሰልጣኝ ነው።

ከፑል ቤት የመጣው ልጅ በመጪው ዓመት 15 ይሞላዋል። ኮች ከ15 በላይ ላሉት ሌላ ቡድን ማቋቋም ይፈልጋል፤ የሜዳ ሰዓት ጠይቆ እስካሁን የተፈቀደለት እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ብቻ ነው።