ወጡ፣ ምን ሆኑ?

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ ያያል። ድምፁን ለሁላችንም ለቆታል። ወሬው ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር ከምዕራብ አፍሪካው ኅብረት፣ ከኢኮዋስ፣ ስለመውጣታቸው ነው። የሀረጎን ጠመዝማዛ ስንጀምር ልጁ ዘወር አለና "ወጡ፣ ምን ሆኑ? እንግሊዝስ ከአውሮፓ ወጣች፣ ምን ሆነች? ሰማይ ተደፋባት?" አለን። ረዳቱ "እኛም ከሁሉም መውጣት ነው!" ብሎ ሒሳብ መሰብሰቡን ቀጠለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከወረድኩ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ኮምቦልቻ ላይ ሲነሳ ስቆ ማለፍ ይከብዳል። ስለዚህ ያኔ ያልመለስኩለትን አሁን ልመልስለት።

ሰማይማ አልተደፋባትም። እንግሊዝ ዛሬም ሀብታም አገር ናት። ከገበያ መውጣት ግን እንደ ጣሪያ ቀዳዳ ነው፤ ክረምቱ እስኪገባ አታውቀውም።

ለማያስታውስ ሰው ባጭሩ። እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ በሚለው ላይ ሰኔ 16 ቀን 2008 ድምፅ ሰጡ። 52 በመቶው እንውጣ፣ 48 በመቶው እንቆይ አለ። ቀይ አውቶቡስ ላይ ለአውሮፓ በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን፣ ብሩን ለጤና አገልግሎታችን እናድርገው የሚል ተጽፎ አገሩን ይዞር ነበር። በይፋ የወጡት ጥር 22 ቀን 2012 ነው። ከዚያም አንድ ዓመት ገደማ የሽግግር ጊዜ ነበር፤ ነገሩ በተግባር የተቆረጠው ፈረንጆቹ 2021ን ሲቀበሉ ነው። ስለዚህ "ወጡ፣ ምን ሆኑ" የሚል ሰው መቁጠር ያለበት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀዳዳው መጀመሪያ የታየው በሾፌር ነው። መስከረም 2014 ላይ እንግሊዝ ውስጥ ለነዳጅ ወረፋ ተያዘ። ነዳጅ ጠፍቶ አልነበረም፣ ዴፖው ሙሉ ነው። ከዴፖ ወደ ማደያ የሚያደርሰው ቦቴ ሾፌር አጣ! የጭነት ባለንብረቶቹ ማኅበር ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሾፌር ይጎድለናል ሲል ነበር። መቼም ሁሉንም በብሬግዚት፣ በዚያ ከአውሮፓ በመውጣት፣ ማሳበብ ልክ አይሆንም፤ በኮሮና ምክንያት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ቆሞ ነበር፣ ነባሮቹ ሾፌሮችም አርጅተዋል። ግን ያን መስመር ይሸፍኑ የነበሩ ፖላንዶችና ሮማኒያዎች ወደ አገራቸው ገብተው ነበር፤ እንደ በፊቱ ዛሬ ተነስተው ነገ ሥራ እንዳይጀምሩ ደግሞ አሁን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። መንግሥት ለሾፌሮች 5,000 ጊዜያዊ ቪዛ አዘጋጀ፣ መጀመሪያ ሲታወጅ እስከ ገና ዋዜማ ብቻ የሚያገለግል። እስቲ አንተ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ብትሆን፣ "ና፣ ለሦስት ወር ንዳና ለገና ውጣ" ብትባል ትሄዳለህ? ብዙዎቹ አልሄዱም። በመጨረሻ ወታደር ነው ቦቴ የነዳው።

እንዲያው ሾፌሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በዚያው ወቅት የአሳማ አርቢዎች (ለወሎ ሰው ወሬው ራሱ ቢከብድም) ቄራ ውስጥ የሚያርድና የሚበልት እጅ አጥተው ጤነኛ እንስሳ ገድለው ይጥሉ ነበር። ቄራዎቹ ላይ ብዙው ሠራተኛ የምሥራቅ አውሮፓ ሰው ነበር። መንግሥት ለዚህም ቪዛ አወጣ፣ ለ800 ሥጋ በላቾች። እንጆሪ ለቃሚውም እንዲሁ ጠፋ፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ሲቀንስ ከኔፓልና ከመካከለኛው እስያ ድረስ በአውሮፕላን ማስመጣት ሆነ።

እዚህ ጋ ነው የኔ ነገር የሚጀምረው። እንውጣ ያሉት ብዙዎቹ ከተቆጡበት ነገር አንዱ የመጤ ብዛት ነበር። የውጭ ሰው ሲወጣ ደመወዛችን ይጨምራል፣ ሥራው ለልጆቻችን ይሆናል ተባለ። ለሾፌሮች በእርግጥ ጨመረ፣ ደግ ነው። ግን ሆስፒታሉና የአረጋውያን መጦሪያው ሰው ሲያጣ በር መክፈት ግድ ሆነና ከሕንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከዚምባብዌ አስመጡ። እስከ ሰኔ 2015 በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ከወጣው ሰው በላይ የገባው ከ900 ሺህ አልፎ ነበር፤ ድምፅ በሰጡ ጊዜ ግን ቁጥሩ 330 ሺህ ገደማ ነበር። ሰው ይቀንስልን ብለው በአንድ በር አስወጡ፣ በሌላው በር ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ገባ።

የወረቀቱ ጣጣ ደግሞ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያደረጉት ስምምነት ቀረጥ ዜሮ ነው የሚለው፣ እውነትም ነው። ግን ጥር 2013 ላይ የስኮትላንድ የባሕር ምግብ ነጋዴዎች ጭነታቸው መንገድ ላይ እየተበላሸባቸው መኪኖቻቸውን ለንደን ድረስ ነድተው በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት አቅራቢያ አቆሙ። ድሮ ማታ የጫኑት በነጋታው ፈረንሳይ ይሸጥ ነበር። አሁን የጤና ሰርተፍኬት፣ ፊርማ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አለ፤ አንዱ ወረቀት ላይ ስህተት ከተገኘ መኪናው በሙሉ ይቆማል። ይህን ለባቲ የፍየል ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። መስከረም 1993 ላይ ሳዑዲ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ፈርታ ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳ አልገዛም ስትል፣ ፍየሉ ያው ፍየል ነው፣ ሣሩም ያው ሣር ነው፣ የቀረው የሚያሻግረው ወረቀት ነው። ዋጋው ግን ወደቀ።

የእንግሊዝ መንግሥት የራሱ የበጀት ተመልካች መሥሪያ ቤት፣ መውጣቱ በረጅም ጊዜ የአገሪቱን ምርታማነት ኅብረቱ ውስጥ ብትቆይ ከሚሆነው በ4 በመቶ ያሳንሰዋል ብሎ ይገምታል። ግምት ነው፣ የሚከራከሩት አሉ። 4 በመቶ ደግሞ ሰማይ አይደፋም። በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሽ የሚሸረፍ ነገር ነው፣ ማን እንደሸረፈው ሳታውቅ የምትኖረው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ነው። እዚያ የሚሰፋው ልብስ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ነው። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ሰው ልጁን አዝሎ ወጣ። እኛ ደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለን፣ የመማሪያ ወንበር ገፍተን ወለል ላይ ስንተኛ፣ በዚያው ሳምንት፣ ጥቅምት 23፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ልታስወጣ ነው ተባለ። አንድ ሰው ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። አጠገቤ ምንጣፍ ላይ የነበረች እናት "አጎዋ የየት ሰፈር ነው? እሱም ተያዘ?" አለች። ማንም አልሳቀባት። መንግሥት ኮምቦልቻን ኅዳር 27 መልሶ ያዘ። አጎዋ ታኅሣሥ 23 ተዘጋ። በመሃሉ ያለው 26 ቀን ነው። የተዘረፈ ፋብሪካ ጠርጎ ማሽን ለመግጠም እንኳ የማይበቃ ጊዜ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ ያኔ ቀረጡ 16.5 በመቶ ነበር፣ ከሰው ሠራሽ ክር ከሆነ 32 በመቶ። ገዢው ያኔ ከኬንያ በዜሮ እያገኘ ከእኛ በ16.5 ለምን ይገዛ ነበር? ዘመድ አይደለ!

"እሱ ግን ኅብረት አይደለም፣ እኛም አልወጣንም፣ አስወጡን እንጂ" የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ጦርነቱም የራሱን አድርጓል፣ የቱ ምን ያህል እንደጎዳ ለይቼ ልነግርህ አልችልም። ደመወዙም ቢሆን የሚወራለት አልነበረም፤ በ2011 የወጣ አንድ ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው፣ ከዓለም ዝቅተኛው ነው ብሎ ነበር። እኔም ፓርኩ ገነት ነበር አልወጣኝም። ግን በሩን ራስህ ከፍተህ ውጣ ወይ ገፍትረው ያስወጡህ፣ ውጭ ያለው ብርድ አንድ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ከኋላ ባለችው ክፍል አራት ልጆች ተከራይተው ነበር። ሁሉም ፓርኩ ውስጥ ይሠሩ ነበር። አንዷ፣ የቃሉ ገጠር ልጅ፣ ኪስ ትሰፋ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ። ማታ ስትመጣ "ጋሼ፣ ዛሬ ታርጌት መታሁ" ትለኝ ነበር፣ ጣቷን እያፍተለተለች። መጀመሪያ ሰሞን መርፌው ጣቷን ወግቷት አልቅሳለች። እጇ እስኪፈታ ወራት ፈጀባት። ሥራው ሲቆም ሁለት ወር ጠበቀች፣ የቤት ኪራይ ሳልጠይቃት። "አብሽሪ፣ ይከፈታል" እላት ነበር። በሦስተኛው ወር ፓስፖርት ልታወጣ ደሴ ወጣች። ከዚያ "ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ" አለችኝ። ከዚያ ጅዳ።

ለዚያ ሚኒባስ ውስጥ ላለው ልጅ ልነግረው የፈለግሁት ይህን ነው። ቀረጥ በአንድ ፊርማ ይነሳል፣ በአንድ ፊርማ ይመለሳል። ሠራተኛ ግን በፊርማ አይመለስም። እጁ የተፈታ ሰው አንዴ ከተበተነ፣ ፖላንድ የገባው ሾፌር ለገና ብለህ ብትጠራው አይመጣም፣ ጅዳ የገባችውም ሼዱ ተከፈተ ስላልካት ሻንጣዋን አትይዝም። የኢኮዋሶቹም ቢሆኑ ይህን ያወቁ ይመስለኛል። ሦስቱ አገሮች ጥር 21 ቀን 2017 ሲወጡ ኢኮዋስ በዚያው ቀን ምን አለ? የዜጎቻቸውን ፓስፖርት ተቀበሉ፣ ሰዉ ያለ ቪዛ ይግባ ይውጣ አለ። እነሱም በበኩላቸው ለኢኮዋስ ዜጎች በራችን ክፍት ነው ብለዋል። አይቮሪ ኮስት ውስጥ የሚኖረው የቡርኪናፋሶ ሰው በሚሊዮን ይቆጠራላ። ሲጣሉ እንኳ የማይነካውን ለዩ። ቪዲዮው ላይ ያ አይወራም።

ሉዓላዊነት በብር አይለካም የሚል ሰው አለ፤ ከእሱ ጋር አልጣላም። ሒሳቡን አይቶ "ይሁን፣ እከፍላለሁ" ያለ ሰው መብቱ ነው። የሚያናድደኝ ሒሳብ የለውም የሚለው ነው። በተለይ ሒሳቡን የምትከፍለው ኪስ ሰፊዋ ሆና፣ ውጡ የሚለው ደግሞ ስልኩ ላይ የተቀመጠው ሲሆን። የእኛም ባለሥልጣናት ፓርኩን ሲያስጎበኙ የሚቆጥሩት ሼድ ነው፣ ይህን ያህል ሼድ ተከራየ ይላሉ። በ2013 እዚያ ይሠሩ ከነበሩት ልጆች ስንቱ ዛሬ ኮምቦልቻ አለ ብሎ የሚቆጥር ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ልጅቷ አልፎ አልፎ በኢሞ ትደውላለች። በቀደም ፋብሪካው እንደገና ሰው ይቀጥራል ሲባል ሰምቼ ነገርኳት። ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ ጋሼ" አለች። "ስንት ይከፍላሉ?"

ነገርኳት። ሳቀች። ቀጥላ ያቺን ክፍል ማን እንደተከራያት ጠየቀችኝ።