የስፖርት ድጎማ ለሰፈር ቡድን ይሰጥ ወይስ ለሜዳ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ለችግረኛ ማኅበረሰቦች ስፖርት የሚመደብ የድጎማ ገንዘብ በቀጥታ ለሰፈር ቡድኖች ሊሰጥ ይገባል።»

ደጋፊ፦ ድጎማው በአስተዳደርና በፌዴሬሽን በኩል ሲያልፍ ቀድመው የሚደርሱበት፣ ጽሕፈት ቤትና የሒሳብ ሠራተኛ ያላቸው፣ ማመልከቻ መጻፍ የሚያውቁ ክለቦች ናቸው። ከሥራ መልስ ልጆቹን ሰብስቦ የሚያሠለጥነው ጎረቤት ግን፣ ማን ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የማን እናት እንደታመመች ለይቶ እያወቀ፣ የኦዲት ሪፖርት ስለሌለው ብቻ ከደጅ ይመለሳል። ማታሬ በተባለው የናይሮቢ የድሆች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተውን የወጣቶች ስፖርት ማኅበር እንመልከት፤ ቡድኖች ሰፈራቸውን ሲያጸዱ በሊጉ ሠንጠረዥ ላይ ነጥብ ይያዝላቸዋል። ይህ ደንብ የሰፈሩ ችግር ቆሻሻ መሆኑን በቅርብ ከማየት የመጣ ነው።

ተቃዋሚ፦ የተከበሩ ተከራካሪዬ የጠቀሱት ማኅበር የሚደነቅ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገንዘቡ ሲያልቅ የሚሆነው ነው። በበጎ ፈቃድ ባሠለጠንሁበት አንድ ቡድን ውስጥ የአንድ ዓመት ድጎማ አግኝተን ነበር። ማሊያና ኳስ ተገዛ፣ ለአሠልጣኞች አበል ተከፈለ፤ ዓመቱ ሲያልቅ አበሉን የለመዱት አሠልጣኞች ቀሩ፣ ልጆቹም የተጣሉ መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ልጆች ወደ ሜዳ መመለስ ድጎማው ከመምጣቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ከባድ ሆነብን። ለጋሹ በየሦስት ወሩ የተሳታፊ ቁጥር ይጠይቅ ስለነበር፣ እኛም (ይህን ሳልሸሽግ ልናገር) በቀላሉ የሚሰበሰቡትን ወንዶች ልጆች እየቆጠርን፣ ታናናሾቿን የምትጠብቀውን፣ መብራትና መጸዳጃ በሌለበት ሜዳ አምሽታ መጫወት የማትችለውን ልጅ ተውናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ቻርተር የአካል ማጎልመሻና ስፖርት የሁሉም ሰው መሠረታዊ መብት መሆኑን አውጇል፤ መብት ደግሞ በማመልከቻ ውድድር አሸናፊነት ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። ስለዚህ ገንዘቡ በማዘውተሪያ ስፍራ፣ በመብራት፣ በመጸዳጃና በቋሚ አሠልጣኝ ደመወዝ ላይ ይዋል።

ደጋፊ፦ ስለ ልጅቷ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል፤ እቀበለዋለሁም። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የድጎማው አጭርነትና የሪፖርቱ ዓይነት ነው፤ ገንዘቡ ለሰፈሩ መሰጠቱ አይደለም። ድጎማው አምስት ዓመት ይቆይ፤ ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ መጻፍ የሚከብደው አሠልጣኝም በቃል ያስረዳ። አጥር ተሠርቶለት ቁልፉ በአስተዳደር እጅ የሚቀር ሜዳ፣ ኪራይ መክፈል ለማይችሉ ልጆች ከሌለ ሜዳ በምን ይሻላል?

ተቃዋሚ፦ ቁልፉ በሰፈሩ ሰዎች እጅ መሆን እንዳለበት እስማማለሁ፤ የአምስት ዓመቱም ሐሳብ ተቃውሞዬን ያላላዋል። ነገር ግን ቡድኑ የሚጫወትበት ባዶ ቦታ ነገ ለግንባታ ሊሰጥ የሚችል ከሆነ አምስቱም ዓመት ከንቱ ነው። ስለሆነም ቦታው በሕግ ለማዘውተሪያነት መከለሉ ሳይረጋገጥ፣ ከድጎማው ለአንድ ማሊያ እንኳ ወጪ እንዳይደረግ እጠይቃለሁ።