ክንፉ የጫማው ነው ወይስ የእግሩ?

የግሪኮች የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስ በየሐውልቱና በየሥዕሉ የሚታወቀው እግሩ ላይ ባሉት ትንንሽ ክንፎች ነው። ሮማውያን ሜርኩሪ ይሉታል። ግን ክንፉ የበቀለው ከየት ነው? ከጫማው ወይስ ከራሱ ከእግሩ? ሠዓሊዎችና ቀራጮች ሁለቱንም ሲያደርጉ ኖረዋል። እዚህ የሚከራከሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ያደገው በአባቱ የጫማ መስፊያ ቤት ውስጥ ነው። ሌላዋ ቅርጻ ቅርጽ ታስተምራለች።

የጫማው ወገን፦

ሐውልት ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ልጅነቴን ያሳለፍኩት የሰው እግር ሳይ ነውና አይፈረድብኝም። ኔፕልስ የሚገኘው ብሔራዊ የአርኪኦሎጂ ሙዚየም ውስጥ አንድ የነሐስ ሄርሜስ አለ። ድንጋይ ላይ አረፍ ብሎ፣ አንድ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቷል። የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ79 ፈንድቶ የሄርኩላኒየምን ከተማ ሲቀብር አብሮ ተቀብሮ፣ በ1758 ነው በቁፋሮ የወጣው።

እግሩ ሥር ጎንበስ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ጠፍሩ ቁርጭምጭሚቱን ዞሮ ይታሰራል። ክንፉም የተያያዘው ከጠፍሩ ጋር እንጂ ከገላው ጋር አይደለም። አባቴ ቢያየው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሠራው?» ብሎ ነበር። የኔም ክርክር እሱ ነው። ይህ ክንፍ በእጅ የተሠራ፣ የሚታሰርና የሚፈታ ነገር ነው።

ከጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ከሆሜር እንጀምር። ሆሜር ሄርሜስን የሚያጫማው የማያረጅ የወርቅ ነጠላ ጫማ ነው። ባሕሩንም የብሱንም ከነፋስ እኩል ያሻግረዋል ይላል። ስለ ክንፍ አንድም ቃል የለም። የሚበርረው ጫማው ራሱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የአቴና ገንቦ ሠዓሊዎችም ሄርሜስን ቡት ያጫሙታል፤ ምላሱ ከፊት ወጣ ያለ ቡት። አንዱ ላይ ክንፍ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ጫማው ግን አለ።

ሄርሜስ ራሱም ጫማ ሠሪ ነው። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የአምላኩን የአፖሎን ሃምሳ ላሞች ሰረቀ ይላል ጥንታዊው መዝሙር። ዱካው እንዳይታወቅ ከቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ነጠላ ጫማ ጎነጎነና ከነቅጠሉ እግሩ ሥር አሰረው። ያንን ከነቅጠሉ የታሰረ ጫማ በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉት። ቅጠሉ ከጎን ወጣ ወጣ ብሎ! እኔ ክንፉን የማየው እዚያ ላይ ነው።

የእግሩ ወገን፦

ወንድሜ፣ እኔም እዚያው ሐውልት ሥር ጎንበስ ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ዘለሉ። ጫማው ሶል የለውም! ጠፍሮቹ የሚገናኙት ውስጥ እግሩ መሀል ላይ ነው፤ እዚያም አበባ የመሰለ ጌጥ ተቀምጧል። ያንን አስሮ አንድ እርምጃ ቢራመድ ውስጥ እግሩን ይጎዳዋል። ቀራጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ይህ እግር መሬት አይረግጥም እያለን ነው። የማይረገጥበት ነገር እንዴት ጫማ ይሆናል?

ቃሉንም ይዩት። ሮማውያን ይህን ነገር ታላሪያ ይሉታል። ታሉስ ማለት ቁርጭምጭሚት ነው። የሰየሙት በእግሩ ነው እንጂ በጫማው አይደለም። እኛስ ብንሆን? ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲሮጥ «እግሬ አውጪኝ አለ» እንላለን። «ጫማዬ አውጪኝ» ያለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ፍጥነት ከሥጋና ከአጥንት እንደሚወጣ ቋንቋችን ራሱ ያውቃል።

አሁን ወደ ፍሎረንስ ልውሰድዎት። ባርጄሎ ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1580 የተሠራው የቀራጩ የጃምቦሎኛ ሜርኩሪ ቆሟል። ቆሟል ማለት እንኳ ይከብደኛል። መላ ሰውነቱ ያረፈው በግራ እግሩ ጣቶች ላይ ነው። ከሥሩ የነፋስ አምላክ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጉንጩን ነፍቶ እፍ ይላል። ሰውዬው የቆመው በዚያ ትንፋሽ ላይ ነው። ትንፋሹም ነሐስ ነው። አንድ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሯል። እግሩ ባዶ ነው። ጠፍርም፣ ሶልም የለም። ክንፉ ከራሱ ቁርጭምጭሚት ነው የወጣው።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ይህን ምስል በእብነ በረድ ሞክሩት፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሰበራል። ድንጋይ ያንን ክብደት በአንድ ቀጭን እግር አይሸከምም፤ ጎኑ ላይ የዛፍ ግንድ ቀርጻችሁ ልታስደግፉት ግድ ነው። ነሐስ ግን ይችላል። ስለዚህ የሐውልቱ ምሥጢር ሁሉ ያለው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ጃምቦሎኛም ክንፉን ያበቀለው እዚያው፣ ጭንቁ ባለበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ጠፍር ብትጨምሩበት ነገሩ ይሞታል።

የጫማው ወገን፦

እህቴ፣ የአንገት ሐብልም ስሙን ያገኘው ከአንገት ነው። አንገት ግን አይደለም፤ ማታ አውልቀን እናስቀምጠዋለን። ከቃሉ ይልቅ ታሪኩን ይስሙልኝ። በጣም የምወደው ታሪክ ነው።

የግሪክ ተረት ጀግናው ፔርሴውስ አባቱ የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ ቢሆንም እናቱ ሰው ናት። በራሱ መብረር አይችልም። ፀጉሯ እባብ የሆነውን የሜዱሳን ራስ ሊቆርጥ ሲሄድ ባለ ክንፉን ጫማ ኒምፍ ከሚባሉት የተፈጥሮ መናፍስት ተዋሰ፤ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ በሄርሜስ በኩል መለሰላቸው። እግር ይዋሳሉ? እግር ይመለሳል?

ከሜዱሳ ሲመለስ በግሪኮች አነጋገር ኢትዮጵያ ላይ ደረሰ። የዛሬውን ካርታ አያስቡ። ለእነሱ ስሙ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ይሸፍን ነበር። የንጉሥ ኬፌውስ ልጅ አንድሮሜዳ በባሕሩ ዳርቻ ከቋጥኝ ጋር ታስራ ትገኛለች። አውሬው ከባሕር ይመጣል። ፔርሴውስ ከአየር ላይ እየተወረወረ ይወጋዋል። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ እዚህ ላይ የሚጽፈውን ጫማ ሰፊ የጻፈው ይመስለኛል። አውሬው ደም የተቀላቀለ ውኃ ይተፋል። ክንፎቹ ይረጥባሉ፣ ይከብዳሉ። ፔርሴውስም ውኃ የጠጣውን ጫማ ማመን ይተዋል። ከባሕሩ ብቅ ያለች ቋጥኝ ያይና እሷ ላይ ወርዶ፣ በግራ እጁ ድንጋዩን ጨብጦ ይዋጋል።

ክረምት ላይ ጫማው ውኃ የገባበት ሰው ያውቀዋል። ቆዳው ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ እርምጃህን ማመን ታቆማለህ። ክንፉ የገላው ቢሆን ኖሮ ኦቪድ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣው ነበር?

የእግሩ ወገን፦

ይህን እቀበላለሁ። ፔርሴውስ ላይ ተሸንፌያለሁ። የተዋሰ ሰው ጫማ ያስፈልገዋል፤ ጫማ ሆኖ መታየትም አለበት። ቀራጩ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ፍሎረንስ አደባባይ ላይ የቆመውን ፔርሴውስ ሲሠራ ባለ ክንፍ ጫማ ያጫማው በትክክል ነው። ሐውልቱ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1554 ነው። ሲቀልጥ የነበረው ነሐስ ሊረጋበት ሲል የቤቱን የቆርቆሮ ሳህኖች ሁሉ እቶኑ ውስጥ የጨመረው ለዚህ ሥራ ነው። አንዱ እግር ግን በደንብ እንደማይሞላ ለከተማዋ ገዢ ለዱኩ አስቀድሞ ነግሮት ነበር። ሲከፈት ጣቶቹ የሉም። ከጠቅላላው ሰውነት የጎደለው እዚያ ነው፤ እንደ አዲስ ሠርቶ ቀጠለው። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ጣት ይሄዳል።

ሄርሜስ ግን ሌላ ነው። እሱ አልተዋሰም። መልእክቱም መንገዱም እሱ ራሱ ነው። ለተማሪዎቼ የጃምቦሎኛን ፎቶ እሰጥና ክንፎቹን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑ እላቸዋለሁ። ይሸፍናሉ። ሰውዬው አሁንም ይበርራል! የሚበርረው ገላው ስለሆነ ነው።

ከዚያ የፒጋልን አሳያቸዋለሁ። ሉቭር ያለው እብነ በረድ ነው፤ ፈረንሳዊው ፒጋል እ.ኤ.አ. በ1744 የፈረንሳይ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ አካዳሚ ውስጥ የገባበት ሥራ፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ። ሜርኩሪ ተቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ክንፉን እግሩ ላይ ያስራል። ውብ ነው፣ አልክድም። ክንፉን ሲሸፍኑት ግን የሚቀረው ጫማውን የሚያስር ወጣት ብቻ ነው።

የጫማው ወገን፦

ክንፉን ይሸፍኑት። ፊቱን ግን አይሸፍኑት። እጆቹ ታች ቁርጭምጭሚቱ ላይ ናቸው፤ ራሱ ዞሯል፤ ዓይኑ ሩቅ ነው ያለው። የሚያስረውን አያይም። አባቴ ሱቅ ደንበኛ መጥቶ የተጠገነ ጫማውን ሲወስድ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ሰውዬው በርጩማው ላይ ቁጭ ይላል፣ ጎንበስ ይላል፣ ጣቶቹ ማሰሪያውን በራሳቸው ይቋጥራሉ። እሱ የሚያየው በሩን ነው።