ላስቲክ ለብሳ 14 ዓመት የቆመችው የአባዬ ሞተር

ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ፣ ጋራዛቸው ውስጥ ሲልቨርፒለን የምትባል የሁስቅቫርና ሞተር ሳይክል አለች፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። እ.ኤ.አ. በ1955 መሰራት የጀመረች ባለ 175 ሲሲ ቱ ስትሮክ ናት (ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚቃጠልባት ዓይነት)፣ ክብደቷ 75 ኪሎ እንዳያልፍ ተጠንቅቀው ነው የሰሯት፣ ምክንያቱም ያኔ በህጋቸው ከ75 ኪሎ በታች የሆነች ሞተር የ16 ዓመት ልጅ መንዳት ይችል ነበር። እኔን የገረመኝ ግን አነዳዳቸው ሳይሆን አስቀማመጣቸው ነው። ጥቅምት ላይ ብርዱ ሲጀምር ቤንዚኑን እስከ አፉ ይሞሉታል፣ ባዶ ቦታ ካለው አየሩ ውሃ ይቋጥርና ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) ከውስጥ ያዝገዋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርብሬተር ያንጠፈጥፋሉ፣ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ነቅለው ዘይት ጠብ ያደርጋሉ፣ ሁለቱንም ጎማ ከመሬት ያነሳሉ፣ ከዛ አሮጌ አንሶላ ያለብሷታል። በስልካቸው ደሞ ለመንግስት "ቆማለች" ብለው ያሳውቃሉ፣ እስክትነሳ ድረስ ኢንሹራንስ የለባትም፣ ከ30 ዓመት በላይ ስለሆነች ግብርማ ድሮውኑ አትከፍልም። ለአምስትና ስድስት ወር እኮ ነው ይሄ ሁሉ! ስጠይቃቸው "ስትነዳ አይደለም የምትበላሸው፣ ስትቆም ነው" አሉኝ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አሰላ ያለችው የአባዬ ያማሃ ናት የታወሰችኝ።

አባዬ የግብርና ሰው ነበር። አሰላን የሚያውቅ ካዱን ያውቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግስት እርዳታ ጭላሎ አውራጃ ላይ የተጀመረው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ማለት ነው፣ አባዬ ስራ የገባው ከሱ በኋላ ቢሆንም ስለ ስዊድኖቹ ሲወራ ነው ያደግነው፣ እኔም ዞሮ ዞሮ እዛው አገር መግባቴ እስካሁን ይደንቀኛል። ሞተሯ ኤጂ 100 ናት፣ ያማሃ ለገበሬ ብሎ የሰራት፣ ፊትም ኋላም እቃ መጫኛ ያላት፣ ጭቃ ላይ በየትኛውም ጎን እንድትቆም ግራና ቀኝ ሁለት መቆሚያ ያላት፣ ሰንሰለቷ በክዳን ውስጥ የተዘጋ። መስሪያ ቤቱ ጨረታ ሲያወጣ በ1992 ገዛት። እኔንና እህቴን አንድ ላይ ኋላ ጭኖ ትምህርት ቤት አድርሶናል፣ የዘር ስንዴ በኩንታል ጭኗል፣ አንዴ ምጥ የያዛት የጎረቤት ሴት እንኳን ሆስፒታል አድርሷል።

በ2001 አባዬ ሲያርፍ እኔ ስዊድን ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም፣ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ ለቀብሩ አልደረስኩም። ሞተሯን እማዬ ጓሮ ካለው የእንጨት ማስቀመጫ አስገብታ ወፍራም የግሪን ሃውስ ላስቲክ አለበሰቻትና በገመድ አሰረቻት፣ ከዛ በኋላ ማንም አልነካትም። ሊገዙ የመጡ ነበሩ፣ እሺ አላለችም። የእህቴ ልጅ ላስነሳት ሲላት "የአባቴን እቃ አትንኩ" (እማዬ አባዬን "አባቴ" ነው የምትለው) ብላ መልሳዋለች። እኛ አገር የሟች እቃ እንዲህ ነው የሚከበረው፣ ባለመንካት። ኮቱ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተሰቀለ፣ መነፅሩ መስኮቱ ላይ እንዳለ ይቀመጣል። ይሄን ስል እማዬን እየወቀስኩ አይደለም፣ እኔም እዛ ብኖር ያው ነበር የማደርገው። ግን ብረት ሰው ስላከበረው አይድንም፣ ይሄን የተማርኩት ከጎረቤቴ ነው።

ሐምሌ 2015 ሄድኩ። ስዊድን ሁሉም ሰው እረፍት የሚወጣው ያኔ ስለሆነ ነው እንጂ አሰላ ሐምሌ ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚውለው። ላስቲኩን ስንፈታው ከውስጥ ውሃ ጤዛ መስሎ ተንጠልጥሏል፣ 14 ዓመት ሙሉ እርጥበቱን አፍኖ ይዞት ኖሯል ማለት ነው። ቸርኬው ዝጓል፣ ሁለቱም ጎማ ተሰነጣጥቋል፣ የአየር ማጣሪያው ቤት ውስጥ አይጥ ጎጆ ሰርታ ልጆች አሳድጋበታለች፣ ሽቦውንም በልታዋለች። ሰልባትዮውን ስከፍት ቤንዚን የነበረው ነገር እንደ ቫርኒሽ ደርቆ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እማዬ በር ላይ ቆማ ዝም ብላ ታየኛለች፣ "እኔ እኮ ዝናብ እንዳያገኛት ብዬ ነው" አለች፣ ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ድሮ የመስሪያ ቤት ሞተሮችን ሲጠግኑ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ አባዬንም ያውቁታል፣ እሳቸውን ጠራን። መጀመሪያ ቁልፍ አልያዙም፣ ዞር ዞር ብለው ዳበሷት፣ ከዛ የሰንሰለቱን ክዳን በካቻቢቴ ፈቱት። ውስጡ ያለው ሰንሰለት ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው፣ ጥቁር፣ ዘይት የጠገበ፣ አንድ ነጥብ ዝገት የለበትም። ጋሼ በጣታቸው ነክተው አሳዩኝና "አባትህ ይሄን ሳይቀባ ክረምት አይገባም ነበር" አሉ። የመጨረሻው ክረምት ከመግባቱ በፊት አባዬ በእጁ የቀባው ዘይት ነው እንግዲህ። እማዬም መጥታ ነካችው፣ ሞተሯን በእጇ ስትነካ ያየኋት ያኔ ነው።

ፒስተኑ ተጣብቋል። ጋሼ ካንዴላውን ነቅለው ዘይትና ናፍታ ቀላቅለው ጨመሩበትና "በቃ ይደር" ብለው ሄዱ፣ በሁለተኛው ቀን መጥተው ማርሽ አስገብተው የኋላውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያሉ ሲወዘውዙት ለቀቀ። ሰልባትዮውን በሎሚና በጠጠር ስንንጠው ዋልን፣ በላምባ አጠብነው። ፓራኦሊዮዎቹ (አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጉት የጎማ ቀለበቶች) ደርቀው ነበር፣ ቱ ስትሮክ ደሞ እነሱ አየር ካሳለፉ ቤንዚኑ ይሳሳና ሞተሩ ይነድዳል፣ እና የሷን ከየት እናመጣለን ስል ጋሼ የድሮዎቹን አውልቀው ጠርገው ላያቸው ላይ የተፃፈውን ሶስት ቁጥር አነበቡልኝ፣ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት በሚሊሜትር፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ ደውለው ቁጥሩን ብቻ ነገሯቸው፣ በማግስቱ በሚኒባስ መጣ፣ የምን ማሽን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ካርብሬተሩን ግን እኔ ነኝ ይዤ የሄድኩት፣ በኢንተርኔት አዝዤ፣ ፋብሪካው ባወጣው ቁጥር ልክ የሆነ ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ) ያለው፣ በጣም ተማምኜበት ነበር። ተገጠመ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ዘይት ቀላቀልን፣ ጋሼ ሶስት አራት ጊዜ ረገጡ፣ አምስተኛው ላይ ተነሳች! ሰፈሩ በጭስ ተሞላ፣ እህቴ እልል አለች። ግን ቤንዚን ስትሰጣት ትታፈናለች፣ ትንተባተባለች። ጋሼ ጆሯቸውን አዘንብለው ትንሽ ሰሙና አጠፏት፣ ካንዴላውን ነቅለው አሳዩኝ፣ ጥላሸት። "ይሄ ያመጣኸው የባህር ዳርቻ አገር ነው፣ እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚን በዝቶባታል" አሉኝ። አሰላ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ነው፣ አየሩ ጎተንበርግ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለባህር ጠለል የተለካ ቤንዚን እዚህ ይበዛል። የካርብሬተሩን መርፌ አውጥተው ቅንጥቧን አንድ ጥርስ ወደ ላይ አደረጓት፣ መርፌዋ ወረደች፣ ቤንዚኑ ቀነሰ፣ ጂግለሩንም ካሮጌው ሳጥናቸው ባነሰ ቀየሩት። ድምጿ ያኔ ነው የአባዬ ሞተር ድምፅ የሆነው።

ስዊድን እንዲህ ያለ እውቀት ያለው ሰው ብቻውን አይተውም። ክረምት ማታ ማታ ሰዎች አንድ ጋራዥ ተከራይተው አሮጌ ሞተር ይፈታሉ፣ ይሄም "የጥናት ክበብ" ተብሎ ይመዘገባል፣ ክበቡን የሚያዘጋጀው ማህበር ከመንግስት ድጎማ ያገኛል፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ይቀመጥና ሌላው ይማራል፣ ወጣቱም ሽማግሌውም ሴቱም። የኛ ጋሼ ግን ይሄን ሁሉ በጆሮአቸው ይዘው አንድ ልጅ ብቻ ነው ስራቸው ያለው፣ እሱም ብሎን አቀባይ። በጣም ነው ያሳዘነኝ። እሳቸው ሲደክሙ እኮ ያ የካንዴላ ቀለም ንባብ አብሮ ይሄዳል፣ ማንም ፅፎ አላስቀመጠውም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን እሳቸው ዘንድ እንዲውል ተነጋገርን፣ የሚማርበትን እኔ እከፍላለሁ አልኩ፣ ጋሼ ገንዘቡን አልፈልግም ብለው ስንከራከር ቆይተን በመጨረሻ እሺ አሉ።

ወረቀቱ ገና ነው፣ ሊብሬው በአባዬ ስም ነው፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ የ14 ዓመት ቦሎ፣ ብዙ ምልልስ አለው፣ ጉዳዩ ያለበትን ቢሮ አሁን ማንሳት አልፈልግም። እስኪያልቅ ግቢ ውስጥና ከግቢው ጀርባ ባለው የእርሻ መንገድ ላይ ብቻ ነው የነዳኋት፣ ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሷል፣ እማዬ አጥሩ ጋ ቆማ እስክመለስ ጠበቀችኝ።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ለእህቴ ልጅ አስቀማመጡን አሳየሁት፣ ቤንዚን እስከ አፉ ሞላን፣ ካርብሬተሩን አንጠፈጠፍን፣ ድንጋይ ላይ ከፍ አድርገን አቆምናት፣ በወር ሁለት ጊዜ አስነስቶ እስክትሞቅ እንዲያቆያት ነገርኩት። ላስቲኩን ላወጣው ስል እማዬ ቀድማኝ ጠቅልላ አጥር ላይ ጣለችው። ቤት ገብታ ስትመለስ ያባዬን የድሮ አንሶላ ይዛለች፣ የጥጥ፣ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ።

"ይሄስ ያስተነፍሳታል?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ።"

አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች፣ አንዱን እኔ።