ያልመታ ቤት

መስመሬን ማን ቁረጥ አለው? እኔ ስጽፍ ሐሳቤ እስኪያልቅ ነው የምጽፈው። የኢሜይል ፕሮግራሙ ግን ስለ ሐሳብ ደንታ የለውም፤ ፊደል ይቆጥራል። 72 ሲሞላለት ያለ ምንም ይሉኝታ ቀሪውን ወደ ታች ይወረውረዋል። እኔ ጋ ደህና መስሎ ይቆማል። ጉዱ የሚታየው ተቀባዩ ጋ ነው። በስልክ ከከፈተው ደግሞ ስልኩ በጥበቱ አንዴ ይሰብረዋል፣ የኔው ፕሮግራም ቀድሞ የሰበረው አለ፤ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር እያለ ይወርዳል።

የአገር ልጆች የልማት ማኅበር አለን። ዋናው እዚህ ደብረ ማርቆስ ነው፤ አባላቱ ግን ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶም ተበትነዋል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። የተመረጥሁት ጽሑፍ ስለምችል አይደለም፤ ኮምፒውተር ስላለኝ ነው። ቃለ ጉባኤውን በኢሜይል እልካለሁ፤ ሊቀ መንበሩ ፕሪንት አስደርገው ለተሰብሳቢው ያነቡታል።

ሊቀ መንበሩን የኔታ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ ሰው ናቸው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉ የቅኔ ደብሮች ባሉበት አገር ይሄ ብርቅ አይደለም። የቅኔ ሰው ደግሞ መስመር ያከብራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር ነው፤ መወድስ የሚባለው ስምንት። ቤቱ የሚያልቀው ባለቅኔው አልቋል ሲል እንጂ ቦታ ስለጠበበ አይደለም። ስለዚህ የኔታ መስመር ባለቀ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያርፋሉ። ማንም ምንም ቢላቸው ያርፋሉ።

ባለፈው እሁድ የጻፍሁት ይሄን ነበር፦ «ከእንግዲህ ከስብሰባ የሚቀር አባል ቅጣቱ እንደ ቀድሞው ሃምሳ ብር አይሆንም፤ መቶ ብር ይሆናል።» ፕሮግራሙ «ሃምሳ ብር» ላይ ቆረጠው። የኔታ እዚያ ደረሱና አረፉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። ቅጣቱ ይጨምራል ተብሎ ሲፈራ ስለሰነበተ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ጋብ ሲል «አይሆንም፤ መቶ ብር ይሆናል» የሚለውን ቀጠሉ፤ የሰማ የለም። ከዚያ ወደኔ ዞር አሉና «ጸሐፊ፣ ሐሳቡስ ደግ ነበር፤ ቤቱ ግን አልመታም» አሉኝ።

ስድ ንባብ ነው የኔታ ብላቸው፣ «ታዲያ ስድ ንባብ ከሆነ ምነው ሰበርኸው?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ለሌላው ሕዝብ ይሄ ቀላል ነገር ይሆናል። እንግሊዝ አይሆንም የሚለውን ቶሎ ብሎ ነው የሚናገረው፤ መስመሩ መሀል ቢቆረጥ እንኳ ማን ምን እንደከለከለ ይታወቃል። እኛ ግን ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ሰውየው ሞተ ይሁን ዳነ፣ ገባ ይሁን ወጣ፣ አረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ አይታወቅም። ከግሡ በፊት የቆረጠን ሰው እውነታችንን ነው የቀማን።

እስቲ 72 ከየት መጣ? እንደ ፈረንጆቹ በ1928 አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እየተበሳ መረጃ የሚያዝበት የወረቀት ካርድ አወጣ፤ 80 ዓምድ ነበረው። ልማዱ ከካርዱ ወደ ስክሪኑ ተዛመተ። በ1978 የመጣው ቪቲ100 የተባለው ተርሚናል (ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙበት ስክሪንና የፊደል ገበታ) በመደበኛው 80 ፊደል ነበር በአንድ መስመር የሚያሳየው። ኢሜይል ላይ ደግሞ መልስ የሚሰጥ ሰው የቀደመውን ጽሑፍ ሲጠቅስ በየመስመሩ ፊት የማዕዘን ምልክት (>) ይገባል፤ ለሱም ቦታ ይተውለት ተባለና ቁጥሩ ወደ 70ዎቹ ወረደ። ካርዱ ሞቷል። ተርሚናሉ ሞቷል። ቁጥሩ ግን ርስት ሆኖ ቀረ።

የሚያናድደው፣ ግዴታ አለመሆኑ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 የወጣው የኢሜይል ደንብ አንድ መስመር ከ998 ምልክት እንዳይበልጥ ያዛል፤ ከ78 ባይበልጥ ደግሞ ይመረጣል ይላል። ምርጫው ነው ሕግ የሆነው። ይሄ በሽታ እኛም ሰፈር አለ። አንዱ ሀብታም ለአባቱ ተዝካር ሁለት በሬ ያርዳል። ማንም እረዱ አላለም። በዓመቱ አንድ በሬ ያረደ ድሃ ይታማል። በሦስተኛው ዓመት ለተዝካር የሚበደር ሰው አየሁ። ምነው ብዬ ብጠይቀው «ወጉ ነው» አለኝ። የማን ወግ?

አባቶቻችንስ ቃል መሀል ላይ አይቆርጡም ነበር ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ይቆርጡ ነበር። ብራና ላይ መስመሩ ሲያልቅ ቁም ጸሐፊው ቃሉን ከመሀል ከፍሎ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገራል፤ ቃሉ ማለቁን የምትናገረው ሁለት ነጥብ ናት። ግን ብራናውን በውስፌ ያሰመረው ያው ጸሐፊ፣ ወይም የሱ ሰው ነው። ስፋቱንም ያውቀዋል። ብራና በዲማ ሰፍቶ በመርጦ ለማርያም አይጠብም።

በዚህ ነገር የምወደው ተረት አለ፦ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። እዚህ አገር የሚያርስ ሰው በሬዎቹን የሚመልሰው ማሳው ዳር ደርሶ ነው። እርምጃ ቆጥሮ መሀል ማሳ ላይ የሚመልስ ገበሬ ቢገኝ ሚስቱ አማት ቤት ሽማግሌ ትልካለች። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ግን ይሄንኑ ነው፤ አረሙ የበቀለው የኛ ስብሰባ ላይ ነው።

ታይፕራይተር እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር። ወጣት ሳለሁ ታይፕ ተምሬያለሁ። አስተማሪያችንን እስከ ዛሬ አልወደውም፤ ጣታችን ላይ ማስመሪያ ያሳርፍ የነበረ ሰው ነው፣ ያውም በስፋቱ ሳይሆን በጠርዙ። መኪናው ግን ጨዋ ነበር። ዳር ሊደርስ ጥቂት ፊደል ሲቀረው ደወሉ ቅጭል ይላል። ቀረብህ፣ አስብበት ማለቱ ነው። ቃሉን ልጨርስ ወይስ ልመልስ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። ያን ሰውዬ ለማስታወስ ብዬ አይደለም ይሄን ያነሳሁት። እሺ፣ ለዚያም ነው።

ከሱ የባሰብኝ ግን ግሥ ቀማኛው ጎረቤቴ ነው። ለቅሶ ቤት አጠገቡ አያስቀምጠኝ። «በሬዬን ባለፈው ገበያ...» ብዬ ትንፋሽ ስወስድ፣

«ሸጥኸው! በስንት?»

«ኧረ አልሸጥሁትም...»

«ተሰረቀ በለኛ!»

ሁለተኛው ቀን ላይ ሰው ሁሉ ለተሰረቀው በሬዬ «ይተካልህ» እያለኝ ነበር። በሬዬ ደጄ ላይ ጭድ ይበላል። ገዥ አጥቼ መለስሁት ልል ነበር፤ አሥር ፊደል እንኳ አልታገሠኝም። ፕሮግራሙ ቢያንስ 72 ይታገሣል።

ብቻ ማስተካከያው አለ። ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ከሆናችሁ ቅንብሩ ውስጥ ጄኔራል የሚለው ገጽ መጨረሻ ላይ ኮንፊግ ኤዲተር የሚል ቁልፍ ታገኛላችሁ። እዚያ ሜይልኒውስ ነጥብ ራፕሌንግዝ (mailnews.wraplength) ብላችሁ ስትፈልጉ 72 ተጽፎ ይመጣል። ዜሮ አድርጉት፤ መቁረጡን ያቆማል፣ መስመሩን የተቀባዩ ስክሪን እንደ ስፋቱ ያጥፈዋል። ክላሲክ በሚባለው በነባሩ አውትሉክ ላይ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሜይል፣ ከዚያ እስከ ታች መውረድ ነው፤ የተለመደው 76 ነው፣ ከ30 እስከ 132 መቀየር ይቻላል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ግን ያለው ጌጥ በሌለው ተራ ጽሑፍ ለሚልክ ሰው ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ፎርማት ፍሎውድ የሚባል ዘዴም አለ፤ በመስመሩ ጫፍ አንዲት ባዶ ቦታ ይተዋል፣ አላለቀም ቀጥል ለማለት። ተቀባዩ ፕሮግራም ከገባው ይቀጥለዋል። ካልገባው እንደ የኔታ ያርፋል።

እኔ ዜሮ አድርጌዋለሁ። ገንዘብ ያዣችን ግን አላደረገም። ለደብዳቤዬ ሲመልስልኝ የኔን ጽሑፍ ከነማዕዘን ምልክቱ እንደገና ቆራርጦ ነው የሚልክልኝ፤ የኔ ቅንብር ደግሞ እሱ ቤት ገብቶ አይሠራም። ትናንት ደወልሁለት። ገና «አንተ፣ ያ የኢሜይልህ መስመር...» ከማለቴ፣

«ደረሰህ? ጎሽ!» ብሎ ዘጋው።